«ከት» መቼ ይባላል? ለሚቆርጡ፣ ለሚከትፉ፣ ለሚያጭዱና ለሚፈልጡ

ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ «ቆረጠ» ማለት በፈለጉበት ሁሉ «ከት» ይላሉ። ጤፉም ከት፣ እንጨቱም ከት፣ ሽንኩርቱም ከት፣ ቲኬቱም ከት፣ ተስፋውም ከት። ከነዚህ አንዳንዱ ትክክል ነው፤ አንዳንዱ ያስኬዳል፣ ግን የልጅ ንግግር ይመስላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰሚውን ግራ ያጋባል። ይህ ጽሑፍ የትኛው የትኛው እንደሆነ የምትለዩበት መንገድ ነው።

የማስተምረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ያደግሁት ግን ምሥራቅ ጎጃም፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪው የግዕዙን ግስ ሲያጠና «ገዘመ፣ ቆረጠ፤ መተረ፣ ቆረጠ» እያለ ሲያወርደው አባቴ ያስቆሙትና «ምኑን ቆረጠ? በምን ቆረጠ?» ይሉታል። ዛፍ ከሆነ ገዘመ፣ ገመድ ከሆነ በተከ፣ እህል ከሆነ ዐፀደ። ለእንግሊዝኛውም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁለትም። ምኑን? በምን? እኔ አንድ ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ፦ ከተቆረጠ በኋላስ ምን ሆነ? እነዚህን ሦስቱን የጠየቀ ሰው ቃሉን አይስትም።

ከጥያቄዎቹ በፊት ግን ስለ ቃሉ ስለራሱ ትንሽ ልበል። አጠራሩ «ካት» አይደለም። የአማርኛው «ከ» ለዚህ ቃል በጣም የሚቀርብ ድምፅ አለው፣ እሱኑ ተጠቀሙበት። «ካት» ብላችሁ ካስረዘማችሁት የእንግሊዝ አገር ሰው ጆሮ «ጋሪ» ወደሚለው ቃል ይሄዳል፣ ጠበብ ካደረጋችሁት ደግሞ ወደ «ድመት»። ፀጉር ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ሄር ካት» ተብሎ ስለተጻፈ አትሸወዱ።

እርባታው ቀላል ነው፣ ምክንያቱም አይረባም። እንደ «ፑት»፣ እንደ «ሂት»፣ እንደ «ሸት» ሁሉ ያለፈውም ያሁኑም «ከት» ነው። «ከትድ» የሚባል ነገር የለም። ታዲያ ጊዜውን በምን እናውቃለን? «ሺ ከት ዘ ብሬድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታገኙ መጨረሻው ላይ ኤስ እንደሌለው ተመልከቱ። አሁን የምትቆርጥ ብትሆን «ሺ ከትስ» ይል ነበር፤ ስለዚህ ቆርጣለች፣ አልፏል። ፈተና ላይ ይህችን የሚያስተውል ተማሪ ጥቂት ነው። ተውላጠ ስሙ «አይ» ወይም «ዜይ» ከሆነ ግን ኤስ አይረዳችሁም፣ «የስተርደይ» ወይም «ኤቭሪ ዴይ» የሚል ነገር ፈልጉ። «ከቲንግ» ሲጻፍ ቲው ሁለት ነው።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄዎች።

በምን? «ከት» ሲባል ስለት አለ። ቢላ፣ መቀስ፣ ምላጭ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ የሆነ ስለት ያለው ነገር። ስለት ከሌለ ቃሉን ለሌላ ልቀቁለት። የበሬው ገመድ በጉተታ ብዛት ቢበጠስ «ዘ ሮፕ ስናፕድ» ወይም «ብሮክ» ነው። «ዘ ሮፕ ዎዝ ከት» ብትሉ ግን ሌባ መጥቶ በቢላ ቆርጦታል ማለታችሁ ነው፣ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ይሆናል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ በእጅ የሚቀጥፉ ልጆች «ፒክ» ያደርጋሉ። ወረቀት ወይም ጨርቅ በእጅ ሲቀደድ «ቴር» ነው፤ ያለፈው «ቶር»፣ ሦስተኛው «ቶርን»።

እንጀራም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዳ ፈረንጅ ገበታ ቀርቦ እንዴት እንደሚበላ ብታስረዱት «ቴር ኦፍ ኤ ስሞል ፒስ» በሉት። «ከት» ካላችሁት ቢላ ይፈልጋል። ዳቦ መቁረስ ግን ሁለት መልክ አለው። በእጅ ሲቆረስ «ብሬክ» ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱም የሚለው እንዲሁ ነው። እናቴ ኮባ ውስጥ የጋገረችውን ድፎ በቢላ ስትቆርሰው ግን «ከት» ወይም «ስላይስ» ይሆናል።

ማጀት ከገባን ትንሽ እንቆይ፤ እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ሀብታም ነው፣ አማርኛም አያንስም። ሽንኩርት የሚከተፈው «ቾፕ» ነው። ቢላው ከፍ ዝቅ እያለ ደጋግሞ ይመታል፣ የሚወጣው ቁራጭ ቅርጹ እኩል ላይሆን ይችላል፣ ግድም የለውም። ለዶሮ ወጥ እንደሚደረገው ከደቀቀ «ፋይንሊ ቾፕድ» ይባላል። ከዚያም ደቆ ልም ካለ «ሚንስ» ነው። ክትፎን ለሰው ስታስረዱ «ሚንስድ ቢፍ» በሉ፤ አሜሪካኖች በማሽን የተፈጨውን ሥጋ «ግራውንድ ቢፍ» ስለሚሉ ይህኛው ለክትፎ አይስማማም፣ ክትፎ በቢላ ነው ክብሩ። «ስላይስ» ስስና ሰፊ አድርጎ መቁረጥ ነው፦ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ሎሚ። ስምም ይሆናል፣ «ኤ ስላይስ ኦፍ ብሬድ» ይባላል። «ዳይስ» እኩል እኩል ስድስት ጎን ያላት ትንሽ ኩብ ማድረግ ነው፤ ስሙም የመጣው ከመጫወቻዋ ባለ ነጥብ ኩብ ነው። ድንችና ካሮት ለሰላጣ የሚቆረጡት እንዲህ ነው። ጥቅል ጎመን እንደ ክር ሲሆን «ሽሬድ»። ድንች መላጥ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፣ «ፒል» ይባላል፣ «ከት» የሚለው ተማሪ ግን አይጠፋም።

ለቋንጣ መዘልዘል አንድ ቃል አትፈልጉ። «ከት ዘ ሚት ኢንቱ ሎንግ ስትሪፕስ» ብላችሁ እለፉት። እዚህ ላይ አማርኛ ይበልጣል፣ ልብ በሉልኝ።

ዶሮ መበለትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ማረዱ አለ፤ ማረድ «ስሎተር» ነው፣ ለዶሮ «ኪል» ቢባልም ያስኬዳል፤ «ከት ዘ ቺክን» ግን ከሞተች በኋላ የሚሆነውን ነው የሚናገረው። ከዚያ አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት «ከት ዘ ቺክን ኢንቱ ትዌልቭ ፒሰስ» ወይም «ከት አፕ» ነው። የበሰለ ሥጋ ገበታ ላይ ቀርቦ ለእንግዳ እየተቆረጠ ሲታደል «ካርቭ» ይባላል። ይህ ቃል ድሮ የ«ከት»ን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። «ከት» በጽሑፍ መታየት የጀመረው ወደ 1300 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት እንግሊዞች የሚቆርጡት በ«ካርቭ» አያት ነበር። አዲሱ ሲነግሥ አሮጌው ወደ ገበታ ሥጋ፣ ወደ እንጨትና ድንጋይ ቀረፃ ተገፋ። ሥጋ ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ «ከት» ስም ሆኖ ይጠብቃችኋል፦ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ዳቢት እያንዳንዳቸው «ኤ ከት ኦፍ ሚት» ናቸው። ቁርጥ ራሱ ግን «ሮው ሚት» እንጂ «ከት» አይባልም። «አይ ላይክ ከት» ብላችሁ ጓደኛችሁን አታስደንግጡ።

ምኑን? እርሻ ላይ ይህ ጥያቄ ይበረታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ ሲታጨድ «ሪፕ» ነው፣ ረዘም አድርጋችሁ ጥሩት። ካሳጠራችሁት «ቀደደ» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። «ሪፕ» ለእህል ብቻ ነው፣ በማጭድም ይሁን በሌላ። «ሃርቬስት» ሰፊ ነው፣ ማጨዱንም መሰብሰቡንም ይይዛል፤ ስለዚህ ድንችም ይሁን የቀፎ ማር «ሃርቬስት» ይደረጋል፣ «ሪፕ» ግን አይደረግም። ኮምባይነር የምንለው ማሽን ሙሉ ስሙ «ኮምባይን ሃርቬስተር» የሆነው ማጨዱንና መውቃቱን አንድ ላይ ስላጣመረ ነው። ሣር የሚታጨደው «ሞው» ይባላል። ሣርን «ከት» ብትሉም ማንም አይቆጣም፣ ጤፍን «ሞው» ብትሉ ግን ለከብት የዘራችሁት ይመስላል።

እንጨት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሜጫ በኩል ባሕር ዛፍ፣ አዊ በኩል ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት የሚቆርጥ ገበሬ «ፌል» ወይም «ከት ዳውን» ያደርጋል። «ፌል» ግን «ወደቀ» የሚለው ግስ ያለፈ ጊዜም ነው። «ዘ ትሪ ፌል» ካላችሁ ዛፉ ራሱ ወደቀ፤ ገበሬው ጣለው ለማለት «ሂ ፌልድ ዘ ትሪ» በሉ። በመጋዝ መቁረጥ «ሶ» ነው። እሱም «አየ» ከሚለው ያለፈ ጊዜ ጋር በድምፅም በፊደልም አንድ ነው። ስለዚህ «አይ ሶ ዘ ዉድ የስተርደይ» ማለት እንጨቱን ትናንት አየሁት ነው፣ ሥራ አልሠራችሁም። የገዘገዘ ሰው «አይ ሶድ ዘ ዉድ» ይላል። በሁለቱም ቦታ መዳኛው መጨረሻ ላይ ያለችው ዲ ናት።

ግንዱ ከወደቀ በኋላ ደግሞ አቅጣጫው ይለያል። መፈለጥ፣ ማለትም በቁመቱ በጭረቱ መሰንጠቅ፣ «ስፕሊት» ነው። በመጥረቢያ እየመቱ መቆራረጥ «ቾፕ»። አማርኛችንም ፈለጠንና ቆረጠን አይደባልቅም፣ እንግሊዝኛውን ስትጽፉ ለምን ትደባልቃላችሁ? መጥረብ «ሂው» ነው። አሁን ብዙ አይሰማም፣ ግን ላሊበላን ለማስረዳት ለሚፈልግ አስጎብኚ ያለ እሱ አይሆንም፦ «ሮክ ሂውን ቸርችስ» የሚለው ከዚሁ ነው።

ጌሾንና ቡናን እንዲያቆጠቁጥ መመልመል «ፕሩን» ነው። ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ማስተካከል «ትሪም»፤ ጺምም አጥርም «ትሪም» ይደረጋል። ጮቄ ላይ በግ የሚሸልት «ሺር» ያደርጋል። ራስ መላጨት «ሼቭ»። እነዚህን በዚህ ልለፋቸው፣ ችግር አይፈጥሩም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ምን ሆነ የሚለው፣ ከ«ከት» ኋላ የምትከተለውን ትንሽ ቃል ይወስናል። ትንሽ ናት፣ ግን ጣት ታስቀራለች። ሽንኩርት ስትከትፉ ቢላው ጣታችሁን ነካ ቢያደርገው አማርኛ «ጣቴን ቆረጠኝ» ይላል። እንግሊዝኛው «አይ ከት ማይ ፊንገር» ነው። «ኦፍ» ከጨመራችሁበትና «አይ ከት ኦፍ ማይ ፊንገር» ካላችሁ ጣቱ መሬት ላይ ወድቋል፣ ሆስፒታል ሂዱ። «ኦፍ» መለየትን ነው የምትናገረው። ስለዚህም ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ መንገድ የተዘጋበት ቀበሌ «ከት ኦፍ» ሆኗል ይባላል፤ ስልክ እያወራችሁ መስመሩ ሲቋረጥም «ዊ ወር ከት ኦፍ»። «ዳውን» መውደቅን ትናገራለች፣ ከዚያም መቀነስን፦ ሐኪም ስኳር ቀንሺ ሲላት «ከት ዳውን ኦን ሹገር» ይላታል፣ «ኦን»ን አትርሷት። «አፕ» ብዙ ቦታ መቆራረጥ ነው። «አውት» ከመካከል ቆርጦ ማውጣት ነው፣ ከጋዜጣ ላይ ፎቶ እንደማውጣት። ሰው ሲናገር መሐል መግባት «ከት ኢን»።

እዚሁ ላይ አንድ የመስተዋድድ ስሕተት ልጠቁም። «ለሁለት ቆረጠው» ስለምንል ተማሪው «ሂ ከት ኢት ፎር ቱ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ለሁለት ሰዎች ቆረጠላቸው ማለት ነው። «ኢን ቱ» ወይም «ኢን ሃፍ» በሉ። ቁርጥራጩን ለመቁጠር «ኢንቱ ፎር ፒሰስ»። መሣሪያውን ለመጥራት «ዊዝ ኤ ናይፍ»።

ፀጉር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሄዶ የተስተካከለ ልጅ ሰኞ «አይ ከት ማይ ሄር» ብሎ ቢመጣ መቀስ ይዞ መስታወት ፊት የቆመ ይመስላል። አማርኛ «አስ» የምትል መላ አለችው፦ ቆረጥኩ፣ አስቆረጥኩ። እንግሊዝኛም አለው፣ ግን ከፊት ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን ከፍሎ ነው የሚያስገባው፦ «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት»። መጀመሪያ «ሃድ»፣ ቀጥሎ የሚቆረጠው ነገር፣ መጨረሻ ላይ «ከት»። በዚሁ ሥርዓት ልብስ ማሰፋትም፣ ጥርስ ማስነቀልም፣ ቤት ማስቀባትም ይሄዳል። «አስ» ያለበትን የአማርኛ ግስ ሁሉ በዚህ ፈትኑት፣ አብዛኛው ይገባል። «አይ ጎት ኤ ሄርከት» ማለትም ይቻላል፣ እዚህ «ሄርከት» አንድ ቃል ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ችግር። «ቆረጠ» በአማርኛ ስለት የሌለው ብዙ ሥራ ይሠራል፤ በዚያ ሁሉ ቦታ እንግሊዝኛው ሌላ ቃል ነው።

ቲኬት አይቆረጥም፣ ይገዛል፦ «ባይ ኤ ቲኬት»። መናኸሪያ ላይ ቲኬት ቆራጩ ቅዳጁን ቀዶ ስለሚሰጠን ነው መሰለኝ እኛ የምንቆርጠው። ተስፋ መቁረጥ «ሉዝ ሆፕ» ወይም «ጊቭ አፕ» ነው። ቀን መቁረጥ፣ ለሠርግ ለምሳሌ፣ «ሴት ኤ ዴት» ወይም «ፊክስ ኤ ዴት»። ሆድ ሲቆርጥ «አይ ሃቭ ስቶመክ ክራምፕስ»፤ «ማይ ስቶመክ ከትስ ሚ» ያለውን ልጅ ሐኪሙ ጩቤ ውጠሃል ወይ ቢለው አይፈረድበትም። ትምህርት ያቋረጠ «ድሮፕድ አውት»። «ከት ክላስ» የሚባል አለ፣ ግን የዛሬውን ክፍለ ጊዜ ፎርፎ ኳስ ሜዳ የሄደውን ነው የሚመለከት፣ ነገ ይመለሳል። ዓባይን ማቋረጥ «ክሮስ»። ቁርጥ አባቱን ነው ለማለት «ሂ ሉክስ ጀስት ላይክ ሂዝ ፋዘር»።

ገንዘብ ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ፣ እዚህ ስሕተቱ ኪስ ይነካል። የቡሬ የበርበሬ ነጋዴ «ዋጋ ቆረጥን» ሲል ተስማማን፣ አበቃ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው «ዊ አግሪድ ኦን ኤ ፕራይስ» ይሆናል። «ዊ ከት ዘ ፕራይስ» ብሎ ለውጭ ገዢ ቢጽፍ ግን ዋጋ ቀንሰናል ብሏል፣ ገዢውም ደስ ብሎት ቅናሹን ይጠብቃል። «ቁርጡን ንገረኝ» ለማለት «ዋት ኢዝ ዮር ፋይናል ፕራይስ?» ይበቃል። ደመወዝ ላይም እንዲሁ ነው። ለግብርና ለጡረታ በየወሩ የሚቆረጠው «ዲዳክሽን» ነው። «ፔይ ከት» ያለው ሠራተኛ ግን ደመወዙ ራሱ ዝቅ ተደርጎበታል፣ ሊያጽናኑት ይገባል።

ከሁሉም የምወደው «ቆርጫለሁ» የሚለው ነው። ወስኛለሁ፣ ወደኋላ የለም። «አይ ከት ቱ ስተዲ» ተብሎ አይጻፍም፤ «አይ ሃቭ ዲሳይድድ» ወይም፣ ቆራጥነቱን ለማጉላት፣ «አይ አም ዲተርሚንድ» ነው። ደስ የሚለው ግን «ዲሳይድ» ከላቲን ሲመጣ ትርጉሙ «ቆርጦ ጣለ» የነበረ መሆኑ ነው። ሮማውያንም እንደኛ ሲወስኑ ይቆርጡ ነበር። እንግሊዝኛው ቢላውን ረስቶ ውሳኔውን ብቻ ይዞ ቀረ። «ክሊር ከት» በሚለው ላይ ግን ይገናኙናል፣ «ኤ ክሊር ከት አንሰር» ቁርጥ ያለ መልስ ነው፣ ቃል በቃል ብትተረጉሙትም አያሳፍራችሁም።

ሊያጋጥሟችሁ የሚችሉ ሁለት ሦስት አባባሎች አሉ። «ከት ኮርነርስ» ሥራን በቸልታ፣ አቋራጭ እየፈለጉ መሥራት ነው፤ ሲሚንቶ የሚያጎድል ተቋራጭ እንዲህ ያደርጋል። «ከት ዮር ኮት አኮርዲንግ ቱ ዮር ክሎዝ» እኛ «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» የምንለው ነው። «ሾርት ከት» አቋራጭ መንገድ። መብራት ሲጠፋ እንግሊዞች «ፓወር ከት» ይላሉ፣ አሜሪካኖች «አውቴጅ» ይመርጣሉ፤ ለኛ ሁለቱም ያገለግላሉ።

ለልምምድ እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፣ መልሱን ሳታዩ፦ አባቴ ትናንት ባሕር ዛፍ ቆረጠ። እህቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጣት። ለባሕር ዳር ቲኬት ቆርጠናል። ወንድሜ ፀጉሩን ተቆረጠ። ዳቦውን ለአራት ቁረጪው።

መልስ፦ «ማይ ፋዘር ከት ዳውን ኤ ዩካሊፕተስ ትሪ የስተርደይ»። «ማይ ሲስተር ከት ኸር ፊንገር ዋይል ቾፒንግ ኦንየንስ»፣ «ኦፍ» ያስገባችሁ ካላችሁ አውጧት። «ዊ ሃቭ ቦት ቲኬትስ ቱ ባሕር ዳር»። «ማይ ብራዘር ሃድ ሂዝ ሄር ከት»። የመጨረሻው «ከት ዘ ብሬድ ኢንቱ ፎር ፒሰስ» ነው፤ «ፎር ፎር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ዳቦው ስንት ቦታ እንደሚቆረጥ አልነገራችሁም፣ አራት እንግዳ ነው የጠራችሁት።